ባጃጅ ቆጥሮ ዶክተር ይኮናል?

ባለፈው ወር እዚህ ዓምድ ላይ «ሥራዬ ሰው እንዴት እንደሚሄድ ማጥናት ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። ጣጣ አመጣችብኝ። ደብዳቤው ጎረፈ። አንዱማ ሰላምታም ሳይል «ለዚህም ደሞዝ ይከፈላል?» ብሎ ነው የጀመረው። ይከፈላል። ትንሽ ነው እንጂ ይከፈላል።

ለማያውቀኝ፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትራንስፖርት ፕላኒንግ አስተምራለሁ፤ በቀረችኝ ሰዓት ደግሞ ሰው ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ የት የት እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚሄድና ለምን እንደዚያ እንደመረጠ እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ከመጡት ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጫለሁ። የረዘሙትን አሳጥሬያለሁ፣ ስማችሁንም ትቼዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዘንድሮ ሲቪል ምህንድስና ጨርሼ በነጥቤ ግቢ አስቀርተውኛል። ለማስተርስ ምረጥ ሲሉኝ ትራንስፖርት ፕላኒንግ አልኩ። የዲፓርትመንቱ ልጆች ሳቁብኝ። ‹ስትራክቸር፣ የሕንፃ ስሌቱን ያልቻለ ነው እሱን የሚመርጠው፣ ባጃጅ ልትቆጥር ነው› አሉ። እውነት ባጃጅ መቁጠር ነው? ሒሳቡስ ይበዛል? የትስ ልማር?» (ረዳት ምሩቅ፣ ከአቶቴ)

ባጃጅ ትቆጥራለህ። እሱን አልዋሽህም። እኔም ገብርኤል አካባቢ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ጃንጥላ ሥር ተቀምጬ ቆጥሬያለሁ። አንዲት እናት «ምን ሆና ነው ይቺ ልጅ?» ብለው ቆሎ ሰጥተውኝ አልፈዋል። ከቆጠራ የምታገኘው ግን ስንት ባጃጅ እንዳለፈ ብቻ ነው። ውስጥ የተቀመጠችው ሴት ከየት እንደተነሳች፣ የት እንደምትወርድ፣ ልጇን መጀመሪያ የት እንዳደረሰች፣ ለምን በእግሯ እንዳልሄደች አታገኝም። እሱን ለማግኘት መጠየቅ አለብህ። መጠየቅ ደግሞ ከመቁጠር በጣም ይከብዳል፤ እመለስበታለሁ።

ለሳቁብህ ልጆች ይቺን ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዲትሮይትና ቺካጎን መኪና ሲያጥለቀልቃቸው፣ አጥኚዎቹ መንገዱ ከመሠራቱ በፊት አራት ነገር ተራ በተራ መጠየቅ ጀመሩ። ከየሰፈሩ ስንት ጉዞ ይነሳል? ወዴት ይሄዳል? በምን ይሄዳል? በየትኛው መንገድ ይሄዳል? ዛሬም የከተማ ትራንስፖርት ጥናት ብዙው ወይ በነዚህ አራት ደረጃዎች ይሠራል ወይ እነሱን ሲተች ይውላል። ሦስተኛዋ ጥያቄ፣ «በምን ይሄዳል» የምትለዋ፣ ኖቤል አስገኝታለች። ዳንኤል ማክፋደን የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር አለ። ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባርት የሚባለው ባቡር ሥራ ሊጀምር ሲል እሱና ባልደረቦቹ ሠራተኛውን በምን እንደሚሄድ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበትና ስንት እንደሚከፍል ጠይቀው፣ ባቡሩ ሳይመጣ ምን ያህል ሰው እንደሚሳፈርበት ገመቱ። የባለሥልጣናቱ ግምት ወደ ሥራ ከሚሄደው ሰው 15 በመቶው በባቡሩ ይሄዳል የሚል ነበር። እነማክፋደን 6.3 በመቶ አሉ። ባቡሩ መጣ። 6.2 በመቶ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከጄምስ ሄክማን ጋር ኖቤሉን ሲካፈል፣ እሱ የተሸለመው ለዚህ ለምርጫ ስሌት ነው። ስትራክቸር ያልቻሉ ሰዎች እንግዲህ እንዲህ አድርገዋል።

ሒሳቡ መካከለኛ ነው። ስታትስቲክስና ፕሮባቢሊቲ አጥብቀህ ያዝ። ሐሳቡ ራሱ ቀላል ነው። ከቤትህ ፒያሳ ልትሄድ ነው እንበል። በእግር ነጻ ነው፣ ግን ይረዝማል፣ ፀሐይም አለ። ባጃጅ ይፈጥናል፣ ግን ሒሳብ አለው፣ ወረፋም ሊኖር ይችላል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ትሰጠዋለህ፤ ነጥቡ ከፍ ያለው የመመረጥ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ እኛ የማናየው የሰውየው የራሱ ነገር ደግሞ እንደ ዕጣ ሆኖ ይገባበታል። ሎጊት ይሉታል። ወጥመድም አለው። ከሰማያዊዎቹ ባጃጆች ግማሾቹን አረንጓዴ ብትቀባቸው፣ ተራው ሎጊት አዲስ ትራንስፖርት የመጣ ይመስለውና ከእግረኛው ላይ ሰው ቀንሶ ይሰጠዋል። ቀለም ስለተቀየረ በእግሩ መሄድ የሚተው ሰው ደግሞ የለም። መማሪያ መጽሐፎቹ ላይ ምሳሌው ቀይ አውቶቡስና ሰማያዊ አውቶቡስ ነው። እኔ በባጃጅ ሳስተምረው ቶሎ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ መጠየቁ። የመጀመሪያዬን የቤት ለቤት መጠይቅ ስሠራ «ትናንት ስንት ጉዞ አደረጉ?» ብዬ ጻፍኩ። ከእንግሊዝኛው ቀጥታ የገለበጥኩት ነው። አንዲት እናት ቤት ገባን። «እኔ? የት እጓዛለሁ ልጄ፣ ከተጓዝኩ ስንት ዘመኔ» አሉን። ዜሮ ብለን ጻፍን። ቡናው እስኪፈላ ጨዋታ ተጀመረ። ጠዋት ኪዳን ሄደው ነበር፣ ተመልሰው ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ የታመመች ጎረቤት ጥየቃ፣ ከሰዓት ደግሞ እድር። መመለሻውን ጨምሬ ስቆጥረው ሰባት ሆነ፤ ሁሉም በእግር። ለእሳቸው ጉዞ ማለት ጓዝ ይዞ መናኸሪያ የሚኬድበት ነው፤ አዲስ አበባ፣ ቁልቢ፣ ለለቅሶ አገር ቤት። ወፍጮ ቤት መሄድን ጉዞ የሚል ማነው? ማንም። እሳቸው ትክክል ነበሩ፣ ጥያቄዬ ነው የተበላሸው። የሚያናድደው ደግሞ እንዲህ ባለ ጥያቄ ከዳታው ላይ የሚጠፉት ጉዞዎች ሁሌም የእግሮቹ ናቸው፤ ከእግሮቹም የሴቶቹ ይበዛሉ። ከዚያ ወዲህ «ትናንት መጀመሪያ ከቤት የወጡት ወዴት ነበር? ከዚያስ?» እያልን ነው የምንሄደው። በሲዳሙ አፎ ስናዘጋጀውም መጀመሪያ ገበያ ወጥተን ሰው በአፉ ምን እንደሚል ሰማን፣ ከዚያ ነው ወደ ወረቀቱ የተመለስነው።

ሰዓቱም ሌላ ጉድ ነው። መልሱን የምንመዘግበው በስልክ ነበር። ከመዝጋቢዎቹ ገሚሶቹ እንደ ፈረንጁ፣ ገሚሶቹ ሰው እንደነገራቸው በእኛ ሰዓት አስገቡት። ዳታው ሲከፈት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በፈረንጁ 1:30 መሆኑ ነው፣ ተነስቶ ትምህርት ቤት የሚሄድ መምህር አገኘን። መጀመሪያ ሳቅን። የትኛው 1:30 የጠዋት፣ የትኛው 1:30 የሌሊት እንደሆነ መለየት ሲያቅተን ሳቁ ጠፋ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ቤት ስልክ እየደወልን «ይቅርታ፣ ያን ቀን ሲወጡ ነግቶ ነበር ወይ?» ስንል ከረምን። አሁን መጠይቃችን ላይ ከሰዓቱ በፊት «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ምርጫ አለ።

የት ልማር ላልከው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመንገድና ትራንስፖርት ምህንድስና ማስተርስ ይሰጣል። የትም ብትገባ ግን ስሙን ብቻ አይተህ አትግባ፣ የኮርሱን ዝርዝር አስመጣ። እኛ አገር «መንገድ» የሚለው «ትራንስፖርት» የሚለውን ይውጠዋል። አስፋልቱና አፈሩ ይበዛና የሰው ነገር አንድ ኮርስ ሆኖ ይቀራል። ቢሆንም ቴሲሱን የምትመርጠው አንተ ነህ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውንም አትናቀው፤ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በንቀት ወድቀውብኛል።

«እኔ የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጠዋት ስወጣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሽፍት ጨርሰው የሚመጡ ልጆች ያጋጥሙኛል፤ ከሰርቪሱ ወርደው የቀረውን በእግር፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። እነሱን ማጥናት ምርምር ይባላል? ኢንጂነር ካልሆንኩስ ማን ያስጠጋኛል?» (አስተማሪዋ)

የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ሳታውቂው ጀምረሻል። «እጅ ለእጅ ተያይዘው» ብለሽ የጻፍሻት እኮ ዳታ ናት።

ኢንጂነር አለመሆንሽ አያሳስብሽ። ከላይ ያነሳሁት ማክፋደን ኢኮኖሚስት ነው። የአንቺ ሙያ ሰው ደግሞ ቶርስተን ሔገርስትራንድ ይባላል፣ የስዊድን ጂኦግራፈር፣ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የነበረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ያመጣው ሐሳብ ሲሰሙት «ታዲያ ይሄማ ይታወቃል» ያሰኛል። ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መሆን አይችልም። ማታ የሆነ ቦታ ማደር አለበት። ከሌላ ሰው ጋር መገናኘት ያለበት ሰዓት አለ። የሚዘጋ በር አለ። ስለዚህ የሰውን ቀን ለማወቅ መንገዱን ብቻ ሳይሆን በሩንም እይ ነው የሚለው።

በሩን የምለው እንዲሁ አይደለም። ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው፤ ሲታቀድ እስከ 60,000 ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ነበር። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል የሚከራዩ። አንዷን «ለምን ቀረብ ያለ ቤት አትከራዪም?» ብዬ ጠየቅኳት። የኪራዩን ነገር ትነግረኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን «እዚያ ያሉት አከራይ የግቢውን በር 3 ሰዓት ላይ ይቆልፋሉ፣ የኔ ሽፍት ከዚያ በኋላ ነው የሚያልቀው» አለችኝ። ስለዚህ በር የማይቆልፉ አከራይ ፍለጋ ራቅ ብላ ሄደች፣ ራቅ ስላለች የመጨረሻውን ቁራጭ በጨለማ ትሄዳለች፣ ጨለማውን ስለምትፈራ ጓደኞቿን ቆማ ትጠብቃለች፣ እነሱ እስኪመጡ ደግሞ ሰዓቱ ይገፋል። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ የቆርቆሮ በር ነው። የትኛውም የመንገድ ካርታ ላይ የለም። እንደኔ ከሆነ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ጥሩ ዶክትሬት ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው እዚያ በር ላይ ነው፤ ካልወሰድሽው ሌላ ሰው ይወስደዋል።

ቀመሩ የሚመጣው በኋላ ነው። መሣሪያው በአብዛኛው ነጻ ነው። ለስታትስቲክስ አር የሚባል ፕሮግራም አለ። በላዩ ላይ የሚሠራ አፖሎ የሚባል የሎጊት መሣሪያ አለ፣ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች የሠሩት። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከለመድሽ ባዮጀም አለ፣ የስዊዘርላንዱ ሚሼል ቢየርሌር ሥራ ነው። መጠይቅ በስልክ ለመሰብሰብ ኮቦ ቱልቦክስ፣ ለካርታ ኦፕን ስትሪት ማፕ። አንድም ብር አትከፍዪም። ኢንተርኔቱን ነው የምትከፍዪው፣ እሱም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። እስከዚያው ስታትስቲክስሽን አድሺ፣ የፕላኒንግ ወይም የትራንስፖርት ማስተርስ ሲወጣ አመልክቺ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ሕልምሽ ሳይሆን ስለ እነዚያ ልጆች ንገሪያቸው።

«እህቴ፣ መናኸሪያ መስመር ባጃጅ እነዳለሁ። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በቀን ስንት ሰው ትጭናለህ፣ ስንት ታገኛለህ፣ ትርፍ ትጭናለህ ወይ። ሥራ ፈትቼ እመልሳለሁ። አንድም ነገር ሲለወጥ አላየሁም። ደሞስ ትርፍ ትጭናለህ ወይ የሚለኝ ሰው ተማሪ ይሁን ትራፊክ በምን አውቃለሁ?» (የሁለት ልጆች አባት)

ወንድሜ፣ በደብዳቤዎ አፍሬያለሁ። እውነትዎን ነው።

በመጨረሻው ልጀምር። «ትርፍ ይጭናሉ?» የሚለውን ጥያቄ እኔም በአንድ ወቅት ጠይቄያለሁ። ሁሉም ሹፌር «አልጭንም» አለ። መልሱን ስጽፍ ከፊቴ ባለች ባጃጅ አንድ ልጅ ከሹፌሩ ጎን በአንድ ቂጡ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሰውን ውሸት ውስጥ ከመክተት በቀር ጥቅም የለውም፤ የጠየቀው ተማሪ ሳይሆን ያሰማራው አስተማሪ ነው መወቀስ ያለበት። አሁን ተማሪዎቼን የማስጠይቀው በሌላ መንገድ ነው። «ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ሰው ከጫኑ ጀምሮ ይንገሩኝ» እንላለን፣ ሹፌሩ ራሱ ያጫውተናል። የማይፈልገውን ይዘላል፣ እሱም መብቱ ነው።

ምን ተለወጠ ላሉኝ፣ ብዙው ጥናት ቴሲስ ሆኖ ይጠረዝና መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ተማሪው ይመረቃል፣ እኛ ለዕድገት እንቆጥረዋለን፣ እርስዎ ወረፋዎ ላይ ነዎት። ይህ ሐቅ ነው። እኔ በበኩሌ ካለፉት ጥናቶቼ ወዲህ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ሲያልቅ አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፈን የጠየቅናቸው ሰዎች ጋ ይዘን እንመለሳለን። የመጀመሪያው ቀን ምን እንደገጠመኝ ላጫውትዎ። ወረቀቱ ላይ «ሹፌሮች አጭር መንገድ የሚሄድ ሰው አይጭኑም» የሚል ነበረ። አንዱ ሹፌር አነበበውና «ጽፈሽ ሞተሻል» አለኝ። አርባ ደቂቃ ሰልፍ ጠብቆ የወጣ ባጃጅ ሁለት ፌርማታ ሄዶ የሚወርድ ሰው ከጫነ ወረፋውን አቃጠለ ማለት ነው፣ ተመልሶ ጭራ ላይ ነው የሚሰለፈው። እኔ የሹፌር ጠባይ ያልኩት ነገር የሰልፉ ሕግ ሆኖ ተገኘ። የጽሑፉን አንድ ክፍል እንደገና ነው የጻፍኩት። የዚያን ሰውዬ ስም ምስጋናው ላይ ላስገባ ብለው አልፈለገም። «ታርጋዬን ግን እንዳትጽፊ» አለኝ።

እንግዲህ ቀጣዩ ተማሪ ወረቀት ይዞ ሲመጣ መታወቂያውን ይጠይቁት። «ሲያልቅ ውጤቱን ታመጣልኛለህ?» ይበሉት። ካላመጣ በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጣው አለመመለስ ይችላሉ።

«ልጄ፣ ሴት ልጄን ለዶክትሬት ኔዘርላንድ ተቀብለዋታል። ሙያው ምንድነው ስላት ‹ሰው ለምን እንደሚሄድ ነው አባዬ› ትለኛለች። እግር ስላለው ነዋ የሚሄደው! አራት ዓመት ይፈጃል አሉ። ሥራዋን ትታ፣ ዕድሜዋ እየሄደ። ተመልሳስ ምን ትበላለች?» (አባት፣ ከአዳማ)

አባቴ፣ ደብዳቤዎን ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ይቅር ይበሉን።

እርስዎ አዳማ ስለሆኑ በዚያው ላስረዳዎት። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አዳማ አድረው አዲስ አበባ የሚሠሩ ሰዎች እርስዎም ሳያውቁ አይቀሩም። መንገዱ የተሠራው ሰዓት ለመቆጠብ ነው፣ አይደል? ያኮቭ ዛሃቪ የሚባል አጥኚ ግን ቀደም ብሎ ያስተዋለው ነገር አለ። በተለያዩ ከተሞች ሰው በአማካይ በቀን ለመንገድ የሚያወጣው ጊዜ ብዙም አይለያይም፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ሲፈጥንለት ሰዓቱን ቆጥቦ ቤቱ አይቀመጥም፤ ራቅ ይላል። ርካሽ ቤት ፍለጋ፣ ሰፋ ያለ ግቢ ፍለጋ። የአዳማ የቤት ኪራይ ላይ ከዚያ ወዲህ ምን እንደታየ እርስዎ ከኔ የበለጠ ያውቃሉ። ልጅዎ የምታጠናው እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነው። መንገድ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከሚቆጩ ቀድሞ የሚነግር ሰው ቢኖር አይሻልም?

ስለ እንጀራው። ኔዘርላንድ ውስጥ ዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ነው። ውል ትፈርማለች፣ በየወሩ ደሞዝ ታገኛለች፣ አራት ዓመቱም የተለመደ ነው። በስኮላርሺፕ የሚሄዱም ስላሉ ግን የተቀበሏት ደብዳቤ ላይ ቅጥር ይላል ወይስ ስኮላርሺፕ ይላል የሚለውን አብራችሁ እዩት፤ ልዩነቱ በገንዘብም በመብትም ብዙ ነው። ተመልሳ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ረዳት ፕሮፌሰር ሆና ትጀምራለች፣ ከዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ፕሮፌሰር። ደሞዙ አያበላም ማለት ይቀላል፣ ያበላል ማለት ደግሞ ውሸት ነው። ብዙዎቻችን የማማከር ሥራ እንጨምርበታለን፤ የከተማ ፕላን፣ የመንገድ አዋጭነት ጥናት፣ የአውቶቡስ መስመር። ትመለሳለች ወይ የሚለውን እኔ አልመልስልዎትም። እሷም ዛሬ አታውቀውም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ስልክ በደወለች ቁጥር «መቼ ትጨርሻለሽ?» አይበሏት። እኔን አባቴ በየሳምንቱ ይለኝ ነበር፣ በመጨረሻ ላይ ስልኩ ሲጠራ ሆዴን ያመኝ ጀምሮ ነበር።

«መምህር ነኝ። ሐዋሳ ላይ የሠራሁትን ጽሑፍ ሁለት ጆርናል መለሰብኝ። ‹የአንድ ከተማ ጉዳይ ነው፣ ለአንባቢያችን ፋይዳው አልታየንም› ይላሉ። በኢሜይል ደግሞ በአምስት ቀን እናትምልሃለን፣ ዶላር ላክ የሚሉ አሉ። የዕድገት ጊዜዬ ደርሷል። ምን ይሻላል?»

ዶላሩን አትላክ። በአምስት ቀን የታተመ ጽሑፍ ማንም አላነበበውም ማለት ነው፣ አንተም ይህን ስለምታውቅ ነው የጠየቅከኝ።

የመለሱብህን ደግሞ ሳትናደድ ደግመህ አንብበው። ርዕስህ «የትራንስፖርት ችግሮች፣ ሐዋሳን እንደ ማሳያ» ዓይነት ከሆነ እነሱ እውነት አላቸው። ሐዋሳ ለማሳያነት የምትቀርበው የሌላው ዓለም ቀመር እዚህ የማይሠራበት ቦታ ስላለ ነው፤ እሱን ቦታ ፈልገህ ርዕስ አድርገው። ለምሳሌ በዓለም ላይ ያለው የምርጫ ስሌት ብዙው የተሠራው የጊዜ ሰሌዳ ላለው አውቶቡስና የራሱ መኪና ላለው ሰው ነው። ባጃጅ ሰሌዳ የለውም፤ ሲሞላ ነው የሚነሳው፤ ያው ባጃጅ በሰው ሲሆን አንድ ዋጋ፣ ኮንትራት ሲሆን ሌላ ዋጋ፣ ሲዘንብ ደግሞ ሦስተኛ ዋጋ አለው። ሰውየው ሲወስን የትኛውን ዋጋ አስቦ ነው? ይሄ ለሊማም ለካምፓላም ፋይዳ አለው። በእግር የሚሄደውም አለልህ። አዲስ አበባ ላይ ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። በጽሑፍህ እሱን ጠርተህ «ዕቅዱ ይህን ይላል፣ መንገድ ላይ ያገኘሁት ይህን ነው» በል።

ገንዘብ የሚጠይቁ ትክክለኛ ጆርናሎችም አሉ። ለእኛ አገር ደራሲ ብዙዎቹ ክፍያውን ይተዉለታል፣ ከማስገባትህ በፊት ጻፍላቸው። ለማንበብ ደግሞ ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል፣ ለድሃ አገሮች ጆርናል የሚከፍት ፕሮግራም አለ፤ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት ውስጥ ስለሆነች ቤተ መጻሕፍታችሁ የይለፍ ቃሉን ይጠይቅልህ። ዋሽንግተን ላይ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የሚደረገው የቲአርቢ፣ የአሜሪካው የትራንስፖርት ምርምር ቦርድ፣ ጉባኤ ጥሩ ነው፣ ሙያው ሁሉ እዚያ ነው የሚገናኘው፣ ግን ቪዛውን አስበህ ጀምር። ባልሠራው ጽሑፍ ላይ ስሜ ይግባ ስለሚልህ ኃላፊም ጽፈሃል። እሱን እዚህ አልመልስም፣ ደውልልኝ።

«ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ገንዘብ የለኝም፣ አማካሪም የለኝም፣ ቅዳሜ ግን ባዶ ነኝ። ምን ልሥራ?»

የወደድኳት ጥያቄ ይቺ ናት።

ደብተርና እስክሪብቶ ያዝ። የምታውቀውን አንድ መንገድ ምረጥ፣ ገበያ የሚያስገባ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቅዳሜ ሰው ይበዛዋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አንድ ቦታ ቁጭ በል። ገጹን በአምስት ክፈለው፦ እግረኛ፣ ሳይክል፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ሌላው መኪና። በየአሥራ አምስት ደቂቃው መስመር እያሰመርክ ቁጠር። እግረኛውን ወንድና ሴት ለይ፣ የተሸከመውንና ባዶ እጁን የሆነውንም ለይ። እጅህ ይደክማል፣ አንዳንዱም ያመልጥሃል፣ ያመለጠህን አትፈልስፍ፣ «አመለጠኝ» ብለህ ጻፍ። ሲያልቅ ተነስተህ አምስት ሰው ብቻ ጠይቅ፦ «ዛሬ መጀመሪያ ከቤት የወጡት ወዴት ነበር? ከዚያስ?» የሚሸሽህ ይኖራል፣ ቆሞ የሕይወት ታሪኩን የሚነግርህም ይኖራል፣ ሁለተኛውን አታቋርጠው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ተመለስ። ዝናብ ቢጥልም አትቅር፤ እንዲያውም ዝናብ የጣለ ቀን ከእግረኛው ስንቱ ወደ ባጃጁ እንደገባና ስንቱ ጥግ ይዞ እንደቆመ ቁጠርና ደብተሩን ይዘህልኝ ቢሮዬ ና።